በልጁ እግር ላይ የነበረው ጭቃ

ዱከም ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው ታላቅ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በአንድ ወገን የየረር ተራራ፥ በሌላው ወገን ራቅ ብሎ የዝቋላ ተራራ ይታይባታል። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር በዚች ከተማ በኩል ያልፍ ነበር። ዙሪያዋ የአድአ ሜዳ ነው። ምድሩ ጥቁር ዋልካ ስለ ሆነ ጤፍ ይስማማዋል። ዋልካ ግን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሲርስም ከእግር ጋራ ይጣበቃል። ዛሬ በከተማይቱ ዳር ታላቅ የኢንዱስትሪ ዞን አለ፤ ብዙ ወንዶችና ሴቶችም በዚያ ባሉት ፋብሪካዎች በቀንና በሌሊት ፈረቃ ይሠራሉ።

በዚች ከተማ የሦስተኛ ክፍል ልጆችን የሚያስተምር አንድ መምህር ነበረ። ክፉ ሰው አልነበረም። ሥራውን ይወዳል፤ ሰዓት ያከብራል፤ ልጆቹም እንደ እርሱ ሰዓት አክባሪዎች እንዲሆኑ አጥብቆ ይሻ ነበር። ቤቱ በቢሾፍቱ ስለ ሆነ ዘወትር ማለዳ ተነሥቶ በአውቶቡስ ይመጣል፤ ደወል ሳይደወልም ከክፍሉ ደጃፍ ይደርሳል።

ከተማሪዎቹ መካከል ዐሥር ዓመት የሞላው አንድ ልጅ ነበረ። ይህ ልጅ የሚመጣው ከከተማው ወጣ ካለ መንደር ነው። ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ማርፈድ ጀመረ። ደወሉ የሚደወለው በሁለት ሰዓት ሲሆን እርሱ ግን የሚደርሰው ሁለት ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ነበር። በዚያ ዓመት ዝናሙ እስከ ጥቅምት ዘልቆ ነበርና ልጁ ሲገባ እግሩ እስከ ጉልበቱ ድረስ በጭቃ ተለውሶ ይታያል።

በመጀመሪያው ቀን መምህሩ ዝም አለው። በሁለተኛው ቀን ተቈጣው። በሦስተኛው ቀን ግን በክፍሉ ፊት አቁሞ «ስለ ምን አረፈድህ?» ብሎ ጮኸበት። ልጁ ዐይኑን ወደ መሬት ጥሎ ዝም አለ። መምህሩም «አንተ ሰነፍ ነህ፤ እንቅልፍ ትወዳለህ። እግርህን እንኳ ሳትታጠብ ትመጣለህ። ስትጠየቅም አትመልስም፤ ልብህ ደንዳና ነው» አለው። ከዚህም በኋላ የስም መጥሪያውን መዝገብ አውጥቶ በልጁ ስም አጠገብ «ሰነፍ» ብሎ ጻፈ። ልጆቹ ሣቁ። ከዚያን ቀን ጀምሮም «እንቅልፌ» የሚል ቅጽል ስም አወጡለት።

መምህሩ በዐይኑ ያየው ሦስት ነገር ብቻ ነበር፤ ይኸውም ማርፈድ፥ ጭቃና ዝምታ ነው። ነገር ግን ማርፈዱን ስንፍና ብሎ ተረጐመው፤ ጭቃውን ንጽሕና መጥላት ብሎ ተረጐመው፤ ዝምታውንም እልኸኝነት ብሎ ተረጐመው። እነዚህን ሦስቱን በዐይኑ አላያቸውም፤ ከልቡ አውጥቶ ጨመራቸው እንጂ።

በሦስተኛው ሳምንት ልጁ ዘወትር በሰዓቱ መጣ። መምህሩም «ቁጣዬ ጠቀመው» ብሎ ደስ አለው። በአራተኛው ሳምንት ግን ልጁ እንደ ገና አረፈደ። መምህሩ «እንግዲህ ስንፍናው ሥር ሰድዷል» ብሎ ከክፍሉ ደጃፍ አንበረከከው። በማግሥቱ ልጁ ከትምህርት ቤት ቀረ።

በቀረ በአራተኛው ቀን አንድ የጭነት መኪና ከቢሾፍቱ ወደ ዱከም በሚመጣው መንገድ ላይ ተገለበጠ። ከኋላው ያሉት መኪናዎች ሁሉ ቆሙ። መምህሩ በአውቶቡሱ ውስጥ ተቀምጦ ሰዓቱን ደጋግሞ እያየ ተጨነቀ፤ የሚያደርገው ግን አልነበረም። ከትምህርት ቤቱ የደረሰው ሁለት ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ነው። ለርእሰ መምህሩ «መንገድ ተዘግቶብኝ ነው» ብሎ ቢነግረው «ደኅና መድረስዎ ይበቃል፤ ይግቡ» አለው። ማንም ሰነፍ ብሎ አልሰደበውም። እርሱም ራሱን ሰነፍ አላለም።

ወደ ክፍሉ ገብቶ «ልጆች፥ መንገድ ተዘግቶብኝ ዘገየሁ» አላቸው። በዚያን ጊዜ ከቀረው ልጅ ጋራ በአንድ ወንበር ትቀመጥ የነበረች፥ የመንደሩም ልጅ የሆነች ተማሪ እጅዋን አነሣች። «መምህር፥ እርሱንም የሚያዘገየው ነገር አለ» አለች። «እርሱ ማን ነው?» ቢላት የልጁን ስም ጠራች። አንዳንዶቹ ልጆች «እንቅልፌ!» ብለው ሣቁ፤ መምህሩ ግን አልሣቀም።

በዕረፍት ሰዓት ብቻውን ተቀምጦ መዝገቡን ገለጠ። ልጁ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቀን እንኳ አላረፈደም። በሁለተኛው ሳምንት ዘወትር አርፍዷል። በሦስተኛው አንድም ቀን አላረፈደም። በአራተኛው እስከ ቀረበት ቀን ድረስ ዘወትር አርፍዷል። መምህሩም «ስንፍና በሳምንት ተራ ይመጣልን?» ብሎ ራሱን ጠየቀ። መዝገቡን በየማለዳው ይጽፍበት ነበር፤ እስከዚያን ቀን ድረስ ግን አንብቦት አያውቅም ነበር።

ትምህርት ሲያልቅ ያችን ተማሪ አስከትሎ ወደ ልጁ ቤት ሄደ። ከከተማው ወደ መንደሩ የሚያደርሱ ሁለት መንገዶች ነበሩ። አንዱ በአስፋልቱ በኩል የሚዞር ረጅም መንገድ ነው፤ እግርን አያቈሽሽም። ሁለተኛው የጤፉን ማሳ አቋርጦ የሚያልፍ አጭር መንገድ ነው፤ ነገር ግን ዋልካው እግርን ውጦ ይይዛል። ልጅቱ «እርሱ ሲቸኵል በዚህ ነው የሚመጣ» ብላ በማሳው መካከል መራችው። መምህሩ ሁለት ጊዜ ጫማው በጭቃው ተይዞ ቀረና በእጁ አወጣው። በዚያን ጊዜ የልጁን እግር አሰበ። ያ ጭቃ የሩጫ ምልክት ነበር። ልጁ ቢሰንፍ ኖሮ በአስፋልቱ በኩል ቀስ ብሎ በንጹሕ እግር ይመጣ ነበር።

የልጁ እናት መምህሩን ባየች ጊዜ ደንግጣ ተነሣች። በኦሮምኛ «ባርሲሳ» ብላ እጅ ነሣችው፤ በርጩማም አቀረበችለት። መምህሩም «እኅቴ፥ ልጅሽ ስለ ምን ያረፍድ እንደ ነበረ ልጠይቅሽ መጣሁ» አላት።

እርስዋም እንዲህ ብላ ነገረችው። «እኔ በፋብሪካ እሠራለሁ። አንድ ሳምንት የቀን ፈረቃ፥ አንድ ሳምንት የሌሊት ፈረቃ ነው። የቀን ሲሆን ሕፃኒቱን በማለዳ እኅቴ ቤት አድርሼ እሄዳለሁ። የሌሊት ሲሆን ግን እርሱ ከእኅቱ ጋራ ያድራል፤ እኔ ሳልመጣም ትቷት መውጣት አይችልም። የሠራተኞች አውቶቡስ እዚህ የሚያደርሰኝ ሁለት ሰዓት ሲሆን ነው። እኔን ሲያይ ደብተሩን ይዞ ይሮጣል።»

መምህሩ «ታዲያ ይህን ስለ ምን አልነገረኝም?» አለ።

እናቲቱም «ትልቅ ሰው ሲቈጣ ልጅ መልስ አይሰጥም ብዬ ያስተማርሁት እኔ ነኝ» አለችው።

ልጁ በዚያን ሰዓት በቤቱ አልነበረም። የጭነት መኪናዎች በሚቆሙበት በአስፋልቱ ዳር ቈሎ ይሸጥ ነበር። ለእናቱ «መምህር ሰነፍ ነህ ካሉኝ ትምህርት አይሆነኝም» ብሏት ነበርና። መምህሩ ወደዚያ ሄዶ አገኘው። ልጁም ባየው ጊዜ የቈሎውን ቁና ይዞ ሊሸሽ ተነሣ።

መምህሩ «ቁም ልጄ፤ ልቈጣህ አልመጣሁም። ስለ ምን አረፈድህ ብዬ ጠይቄህ ነበር፤ ነገር ግን ፍርዱን በልቤ ከጨረስሁ በኋላ ነው የጠየቅሁህ። እንዲህ ያለው ጥያቄ አይባልም። ነገ ና» አለው። ልጁ እንደ ልማዱ ወደ መሬት እያየ ዝም አለ። መምህሩ ግን በዚያን ቀን ዝምታውን እልኸኝነት ብሎ አልተረጐመውም።

በማግሥቱ መምህሩ በልጆቹ ሁሉ ፊት «ሰነፍ» ያለውን ቃል ከመዝገቡ ሰረዘ፤ የሰረዘበትንም ምክንያት ነገራቸው። እናቱ የሌሊት ፈረቃ በምትገባበት ሳምንት ልጁ በደረሰበት ሰዓት እንዲገባ፥ ያመለጠውንም ትምህርት ከጎረቤቱ ደብተር እንዲገለብጥ ፈቀደለት። ይሁን እንጂ «እንቅልፌ» የሚለው ስም ቶሎ አልጠፋም፤ ከልጆቹ አፍ የወጣው ከፋሲካ በኋላ ነው። መምህሩ በአንድ ማለዳ የሰጠውን ስም ለማስጣል ስድስት ወር ፈጀበት።

ይህ ስሕተት የአንድ መምህር ብቻ አይደለም፤ የሰው ሁሉ ነው። ስለዚህ ነገር አጥብቀው የመረመሩ ሊቃውንት አሉ። ከእነርሱ አንዱ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1896 በቪየና ከተማ የተወለደው ፍሪትስ ሃይደር ነው። ይህ ሰው በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ሰው ሁሉ የባልንጀራውን ሥራ ባየ ጊዜ ምክንያቱን እንደሚፈልግለት አስረዳ። የምክንያቱም ዐይነት ሁለት ነው። አንደኛው በሰውየው ውስጥ ያለ ነው፤ እንደ ጠባዩ፥ እንደ ፈቃዱ፥ እንደ ችሎታው። ሁለተኛው ከሰውየው ውጭ ያለ ነው፤ እንደ መንገዱ፥ እንደ ድኽነቱ፥ እንደ ሥራው ጠባይ፥ እንደ ጊዜው ሁኔታ።

ሰው የሌላውን ጥፋት ሲያይ ምክንያቱን ሁሉ በሰውየው ውስጥ ማድረግ ይቀናዋል። ውጭ ያለውን ይረሳል። ሊ ሮስ የተባለ አሜሪካዊ መምህር በ1977 ይህን መሠረታዊ ስሕተት ብሎ ሰየመው። በራሱ ላይ ሲደርስ ግን ሰው ነገሩን ገልብጦ ያያል። ሌላው ሲወድቅ «ሲሄድ አያይም» ይላል፤ እርሱ ሲወድቅ «ድንጋይ አደናቀፈኝ» ይላል።

ይህ ስለ ምን ይሆናል? ዐይን የተፈጠረው ወደ ውጭ እንዲያይ ነው። መምህሩ በአውቶቡስ ተቀምጦ ሳለ የራሱን ፊት አያይም፤ የሚያየው የተዘጋውን መንገድ ነው። ስለዚህ መንገዱን ምክንያት አደረገ። ልጁ ወደ ክፍል ሲገባ ግን መምህሩ የሚያየው ልጁን ብቻ ነው። ማሳው፥ ፋብሪካው፥ ሕፃኒቱም በክፍሉ ውስጥ አይታዩም። ስለዚህ ልጁን ምክንያት አደረገ።

በአሜሪካ አገር በፕሪንስተን ከተማ በተደረገው ምርመራም ይህ ነገር ተገልጧል። ጆን ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት አርባ የነገረ መለኮት ተማሪዎችን ወስደው፥ ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት ሄደው እንዲናገሩ አዘዟቸው። ከእነርሱም እኩሌቶቹ የሚናገሩት ስለ ደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ነበር። በመንገዳቸው ላይ የሚያቃስትና የሚያስል ሰው በደጃፍ ተኰራምቶ እንዲቀመጥ አደረጉ። ለአንዳንዶቹ ተማሪዎች ጊዜ እንዳላቸው ተነገራቸው፤ ለሌሎቹ ግን ዘግይታችኋልና ፍጠኑ ተባሉ። ጊዜ ካላቸው ከመቶ 63 እጅ ያህሉ ሰውየውን ለመርዳት ቆሙ። ፍጠኑ ከተባሉት ግን የቆሙት ከመቶ 10 እጅ ብቻ ናቸው። ስለ ደጉ ሳምራዊ ሊናገሩ ሲሄዱ ያንን ሰው ተራምደው ያለፉም ነበሩ። የምርመራው ጽሑፍ በ1973 ታተመ።

ይህን የሚሰማ ሰው ወዲያው «እነዚያ ተማሪዎች ጨካኞች ነበሩ» ይላል። ይህም ያው የመምህሩ ስሕተት ነው። የቆሙትና ያለፉት በአንድ ትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው። ከሁሉ ይልቅ የለያቸው ችኰላው ነበር።

በአገራችንም ይህ ስሕተት በአንድ ሰው ላይ ብቻ ሳይሆን በሥራ ባልደረቦች ሁሉ ላይ ይደርስ ነበር። ብረት የሚቀጠቅጠው፥ ሸማ የሚሠራው፥ ሸክላ የምትሠራዋም ይሰደቡ ነበር። የጎረቤት ሕፃን ቢታመም ሰዎች የበሽታውን ምክንያት ስለማያውቁ «ቀጥቃጩ ቡዳ ነው፤ እርሱ በላው» ይሉ ነበር። ያልታየውን ምክንያት በሚታየው ሰው ጠባይ ላይ ጫኑት። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ አወጁ። ማረሻውን የሚሠራለትን ሰው የሚሰድብ ገበሬ፥ ጋቢውን የሚሠራለትን ሰው የሚሰድብ ጌታ፥ በእውነት ራሱን ይጐዳል።

እንግዲህ ሰው ከዚህ ስሕተት እንዴት ይድናል? ሃሮልድ ኬሊ የተባለ ሊቅ በ1967 ያስረዳውን ሦስት ጥያቄ ማወቅ ይጠቅማል። መጀመሪያ፥ ሌሎች ሰዎችም እንዲሁ ያደርጋሉን? ሁለተኛ፥ ይህ ሰው ዘወትር እንዲህ ያደርጋልን ወይስ አንዳንድ ጊዜ ነው? ሦስተኛ፥ በሌላ ሥራና በሌላ ስፍራስ እንዲሁ ነውን? መምህሩ እነዚህን ጥያቄዎች አስቀድሞ ቢጠይቅ ኖሮ፥ ልጁ የሚያረፍደው በተራ መሆኑን፥ በቤቱም ሌሊት ሕፃን የሚጠብቅ ትጉህ መሆኑን ያገኝ ነበር።

ምክንያትን መጠየቅ ግን ጥፋትን ሁሉ ይቅር ማለት አይደለም። በዚያው ክፍል ዘወትር የሚያረፍድ ሌላ ልጅ ነበረ። መምህሩ ከዚያ በኋላ እርሱንም ለብቻው ጠርቶ ጠየቀው፤ ወላጆቹንም ጠየቀ። ልጁ ከቤቱ በሰዓቱ እየወጣ በመንገድ ላይ ኳስ ሲጫወት እንደሚቈይ ተረዳ። ይህን ልጅ ገሠጸው፤ ልጁም ተግሣጹ የሚገባው እንደ ሆነ ዐወቀ። ሁለቱም ልጆች አርፍደዋል፤ ሥሩ ግን አንድ አይደለም። አባቶች «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» የሚሉት ስለዚህ ነው።

ልጆች ሆይ፥ ባልንጀራችሁ ሰላምታ ሳይመልስ ቢያልፍ «ኰራ» ከማለታችሁ በፊት ምናልባት ሐዘን ይዞት እንደ ሆነ ጠይቁ። በክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ልጅ ብታዩ ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ ጠይቁ። ስትጠይቁም በሰው ፊት ሳይሆን ለብቻው አድርጋችሁ፥ በቁጣ ሳይሆን በለሰለሰ ቃል ጠይቁ። የተዘጋባችሁን መንገድ ስትናገሩ ሰው እንዲያምናችሁ እንደምትወዱ፥ እናንተም የሌላውን መንገድ ስሙ። ቅጽል ስም ለማውጣትም አትቸኵሉ፤ የወጣ ስም ቶሎ አይመለስምና።